በየትኛው ነው የሚደውሉት?

ባለፈው ክረምት ሱቄን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዬ ሳስረክብ ሰው ሁሉ "ዓይንህ ነው አይደል?" አለኝ። እኔም አዎ አልኩ። ውሸትም አይደለም፤ ዓይኔ ደክሟል፣ እጄም እንደ ድሮው አይታመንም። ዛሬ የሚመጡት ስልኮች ደግሞ ጀርባቸው በማጣበቂያ የታሸገ ስለሆነ ለመክፈት ብቻ ወገብ ይቆርጣሉ። ግን ዓይን ብቻውን ሰውን ከሥራው አያስወጣም። ነቀምቴ ውስጥ መነጽር በመነጽር ላይ ደርበው የሚሠሩ ከእኔ የባሱ ሰዎች አውቃለሁ። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጠየቅኩትም እኔው ራሴ ነኝ።

ሥራውን የጀመርኩት በሬዲዮና በቴፕ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ እርፍ ስይዝ በሬዎቹ እንኳ የሚታዘቡኝ ዓይነት ሰው ነበርኩ። አባቴ ተስፋ ሲቆርጥ ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሰው ዘንድ ወስዶ አስቀመጠኝ። ኦቦ ጉተማ ረጅም፣ ንግግር የሚቆጥቡ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምሩ ሰው ነበሩ። በሳምንቱ ውስጥ ያልተናገሩትን ሁሉ እሁድ የሚያወጡት ይመስለኝ ነበር። ሞባይል ወደ ከተማችን ሲገባ ሌሎቹ ሬዲዮ ሠሪዎች "የሀብታም መጫወቻ ነው፣ ያልፋል" ሲሉ እሳቸው አንድ የሞተ ስልክ ገዝተው ክረምቱን ሙሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ከረሙ። እኔም አጠገባቸው ብሎን እየለቀምኩ ተማርኩ።

ስልክ ሲመጣላቸው ቶሎ አያበሩትም። መጀመሪያ በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ይሸውዳል ይላሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያወጡና የጠረጴዛው መስታወት ላይ አስተኝተው በጣታቸው ያሽከረክሩታል። ደህናው ባትሪ ወዲያው ይቆማል፣ ሆዱ ያበጠው ግን ይዞራል። ሾርት የጠረጠሩ እንደሆነ ደግሞ የብየዳ ሙጫ በመበየጃው ጫፍ አቅልጠው ጭሱን ቦርዱ ላይ ያሳርፉታል። ቦርዱ ውርጭ የመታው ይመስል ነጭ ይለብሳል። ከዚያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲለቁበት የምትግለዋ ዕቃ ብቻ ነጩን አቅልጣ ጥቁር ሆና ትወጣለች። እኛ በቴስተር ስንዳክር የምንውልበትን እሳቸው በዚህ መንገድ ቶሎ ያገኙት ነበር።

ከዚያ ጥያቄያቸው ይመጣል። "ምን ሆነ?" አይሉም። "ኤሳ ኦሌ?" ነው የሚሉት፤ የት ዋለ? ስለ ጥጃ ወይም ስለ ሕፃን የሚጠየቅ ጥያቄ ስለሆነ ደንበኛው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ግን ያስባል። አንዱ አይሱዙ ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር ዋለ ይላል፣ ሌላው ትራስ ሥር ቻርጀር ላይ አደረ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከጋቢ ሥር ደረት ኪሱ ውስጥ ሆኖ ሲዘፍንለት እንደዋለ ይናገራል። ግማሹ በሽታ መልሱ ውስጥ ነበር። ጥያቄውንም የሚጠይቁት በደንበኛው ቋንቋ ነው። ለአገሩ ሰው በኦሮምኛ፣ ከሌላ ቦታ ተመድቦ ለመጣ አስተማሪ በአማርኛ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ለሚሸጠው ጉራጌ ደግሞ በያዟት ጥቂት ጉራጊኛ እየተሳሳቱም ቢሆን ይሞክራሉ። እኔ ይህን እንደ ትሕትና ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ከመፍቻውና ከቴስተሩ እኩል የሥራ ዕቃቸው ነበር።

"ስልክ በከንቱ አይግልም፤ የያዘው ሥራ አለ። አንተ ሥራውን ፈልግ" ይሉኝ ነበር። ስለ መንቀራፈፉም እንዲሁ። ደንበኛ ሁሉ "ስልኬ ሰነፈ፣ ስታክ ያደርጋል" እያለ ይመጣል። እሳቸው ስንፍና እንዳልሆነ በትዕግሥት ያስረዳሉ። ስልኩ ሲግል ራሱን እንዳያቃጥል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው እርምጃውን እንደሚያሳጥር ማለት ነው። ሰው ግን ማብራሪያ አይወድም፣ ባትሪ ቢቀየርለት ይመርጣል።

ከሳቸው ዘንድ የወጣሁት በኩርፊያ ሳይሆን በደመወዝ ነው። ጊምቢ ላይ አንድ ነጋዴ ትልቅ የጥገና ሱቅ ከፍቶ ሲጠራኝ የቡና ገንዘብ የሚፈስበት ጊዜ ስለነበር ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ሰውየው ከጥገና ይልቅ ባትሪ ይወድ ነበር። የጋለ ስልክ ከመጣ ባትሪ ቀይር፣ የተንቀራፈፈ ከመጣ ባትሪ ቀይር ነው። ደንበኛው ራሱ ትኩሳት ይዞት ቢመጣም ባትሪ ሳይቀይርለት አይለቀውም ነበር። እዚያ ፍጥነት ተማርኩ። ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚበትን ጥቁር ስስ ወረቀት ገንጥዬ፣ ዕቃ ቀይሬ፣ ወረቀቱን ሳልመልስ የዘጋኋቸው ስልኮች ዛሬ ትዝ ሲሉኝ ያሳፍሩኛል። እጄ ፈጠነ፣ ጆሮዬ ግን ሰነፈ።

ኦቦ ጉተማ መታመማቸውን ሰምቼ ወደ ነቀምቴ ስመለስ ከአልጋ አይነሱም ነበር። እጄን ይዘው "ኤሳ ኦልቴ?" አሉኝ፤ የት ዋልክ? ያን ሁሉ ዓመት እንደ አንድ ቀን ቆጥረው። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ቶሎ ባለመምጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ስማርት ስልክ በየሰው እጅ የገባበት ዘመን ስለሆነ የሙቀት ነገር ዋና ሥራዬ ሆነ። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት የጋለ ስልኩን ቢራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ፣ ውስጡ ውሃ አቁሮ አመጣልኝና "እንዳንተ አብርጄው ነበር" አለኝ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ደግሞ ኮንፈረንስ ሲቀርጹ ስልካቸው መዝሙሩ መሀል ላይ እየጠፋ አስቸገራቸው። ሄጄ ሳየው በጠራራ ፀሐይ ብረት ላይ ታስሮ፣ ወፍራም ጎማ ለብሶ፣ ጎማው ላይ ደግሞ እህታቸው በኪሮሽ የሠራችው ከረጢት ተደርቦበታል። ልብሱን አውልቄ ጃንጥላ ሳስይዝላቸው እስከ ማታ ቀረጸ። እንደዚህ ባለው ቀን ኦቦ ጉተማ ቢያዩኝ እል ነበር። ስሜ በአካባቢው ተሰማ፣ ከአርጆም ከሻምቡም ይመጡብኝ ጀመር። አዴ ድንቄም የመጡት ስሜን ሰምተው ነው።

አዴ ድንቄ፣ እማማ ድንቄ እንደማለት ነው፣ የኑኑ ቁምባ ገጠር ሴት ናቸው። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "ቢልቢሊ ኮ ነ ጉቤ" አሉኝ። ስልኬ አቃጠለኝ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ያቃጠላቸው መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ልጃቸው ቶለሳ ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወደ ቤኒሻንጉል ከሄደ ወዲህ የራሱ ስልክ የለውም። ከተገኘው ሰው ተውሶ ይደውላል። ስለዚህ እሳቸው መልሰው ሊያገኙት አይችሉም፤ እሱ በደወለ ጊዜ ማንሳት አለባቸው። በዚያ ሰሞን ደውሎ ነበር። ስልኩ ግን ግሎ፣ እየጠራ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ቢጎትቱ ቢጎትቱ አልከፈት ብሎ ጥሪው ተቋረጠ። ጎረቤት መልሶ ሲደውልላቸው የስልኩ ባለቤት "አሁን እዚህ ነበር፣ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስቡት ስለ ቀጣዩ ጥሪ ብቻ ነበር።

ባትሪው ትንሽ አብጦ ስለነበር ቀየርኩላቸው። አንድ ዘመድ የጫነባቸውን ጨዋታ ሁሉ አጠፋሁ፣ ልባሱን አወለቅኩ። ሲሄዱ ስልኩ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ፤ ቤት ሲደርስ ያው ነው፣ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ግን አይግልም። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቦርዱን ፈትቼ አየሁ፣ የጭሱን ዘዴ ሞከርኩ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ነው ሥራውን ፈልግ የተባልኩት ትዝ ያለኝ። ስልክ የኔትወርክ ታወር ሲርቀው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጉልበት ጨምሮ ደጋግሞ ይጣራል። ነቀምቴ ታወሩ ቅርብ ስለሆነ ያርፋል። እሳቸው መንደር ግን ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ይውላል። የአዴ ድንቄ ስልክ ደግሞ ሁለት ሲም ነበረው፤ አንዱ የድሮው፣ ሌላው ከተማ ያለችው ሴት ልጃቸው ገዝታ የላከችላቸው የሌላ ኩባንያ መስመር። አዲሱ መንደራቸው ውስጥ ደህና ይሠራል። የድሮው ግን ከተራራው ጫፍ ላይ ካልሆነ እምብዛም አይዝም። ስልኩን የሚያግለው ያ ነው። ስደርስበት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቶለሳ የሚደውለው በየትኛው ቁጥር እንደሆነ አውቄ ሌላውን መዝጋት። የገበያ ቀን ነው፣ ሱቁ ሞልቷል። ከሳቸው በፊት ያስተናገድኩት ከሌላ አገር የመጣ የባንክ ሠራተኛ ስለነበር ምላሴ አማርኛው ላይ እንዳለ ቀረ። ኦሮምኛ እኮ አላጣሁም፤ ግማሽ ዕድሜዬን የተነጋገርኩበት ቋንቋ ነው። ግን በአማርኛ ጠየቅኩ።

"አዴ፣ በየትኛው ነው የሚደውሉት?"

"በሁለተኛው" አሉኝ ወዲያው።

በአማርኛ አፉን ለፈታ ሰው እንኳ ይህች ጥያቄ ሁለት ፊት አላት። እኔ "የሚደውሉት" ስል እነ ቶለሳን፣ እነሱን ማለቴ ነበር። አዴ ድንቄ ግን በአማርኛ "እርስዎ" እየተባሉ መከበርን ያውቃሉ፤ ራሳቸውን የጠየቅኳቸው መሰላቸው። እሳቸው የሚደውሉት እውነትም በሁለተኛው ነው፣ ካርድ የሚሞላው እሱ ላይ ነውና። የድሮው ሲም ላይ ካርድ ተሞልቶ አያውቅም፣ የሚጠብቅ እንጂ የሚደውል መስመር አልነበረም። "የሚደውሉልዎ" ብል ኖሮ በቂ ነበር። በኦሮምኛ ብጠይቅማ ነገሩ ጭራሽ አይምታታም። እኔ ለእሳቸው ክብር ሰጠሁ፣ እሳቸውም በእኔ ቋንቋ መልሰው አከበሩኝ፤ ሁለታችንም ተከባብረን ተሳሳትን። የድሮውን ሲም ከሴቲንግ ገብቼ ዘጋሁት። ስልኩ ላይ ሌላ ምንም አልነካሁም።

ከዚያ በኋላ ለገበያ ሲመጡ በሱቄ በር ብቅ እያሉ ይመርቁኝ ጀመር። አይግልም፣ ሲነኩት ቶሎ ይከፈታል፣ ልጃቸው ከከተማ ስትደውል ወዲያው ይነሳል። እኔም ይህን ታሪክ ለደንበኛ ሁሉ እያወራሁ ተኩራራሁ። ስለ ቶለሳ ስጠይቃቸው "እስካሁን የለም፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል" ይሉ ነበር። እንደገና አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ እዚያው ቆሜ ስልኩን አምጡት ብል ኖሮ ምናልባት ይደርስ ነበር። ይህን አስቤ የማልቆጭበት ሳምንት የለም።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት አዴ ድንቄ ስልኩን ይዘው ገቡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ከመንደራቸው ወደ ሌላ ቦታ ወርቅ ቁፋሮ የሄዱት ልጆች ሁሉ ለቤታቸው ደውለዋል፣ የሳቸው ብቻ ዝም አለ። "ስልኩ ደህና ነው፣ አይግልም። ለምንድን ነው ቶለሳ የማይደውልበት?" አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። በኦሮምኛ፣ ቶለሳ የሚያውቀው የትኛውን ቁጥር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የድሮውን ነው አሉ፣ በቃሉ የያዘው እሱን ብቻ ነው፣ አዲሱን ማን ይነግረዋል። የድሮውን ሲም ስከፍተው መስመሩ ዝግ ሳለ ማን እንደደወለ የሚነግሩ ጥቂት መልእክቶች ገቡ። የቆዩትን ኔትወርኩ ሳያጠፋቸው አልቀረም። የቀሩት ሁሉ ከአንድ ቁጥር ናቸው፣ ደጋግሞ የደወለ ሰው።

በእኔ ስልክ ደወልኩ፣ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ያነሳው ሰው ወርቁ ቦታ ላይ ሻይ ቤት ያለው ነው። በኦሮምኛ ነበር የተነጋገርነው። ቶለሳን እንደሚያውቀው ነገረኝ። ልጁ በዚህ ስልክ ብዙ ጊዜ ለእናቱ ደውሏል፣ ሁልጊዜ ዝግ ነው ይላል። አገር ቤት በግጭት ሰው እያለቀ ነው ተብሎ በሚወራበት ጊዜ ስልክ እንደዚያ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል አለኝ። ልጁ አለቀሰ፣ ጓደኞቹ ድንኳን ዘርግተው ልቅሶ ተቀመጡለት። ካስተዛዘኑት በኋላ ከዚህ ወዲያ ማን አለኝ ብሎ ከሌሎች ጋር ድንበር ሊሻገር ሄደ፤ ወዴት እንደዘለቀ አያውቅም።

"እናንተስ ማን ናችሁ?" አለ።

አዴ ድንቄ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "ሃዸ ኢሳቲ" አሉት። እናቱ ነኝ።

ሰውየው ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀና፣ ልጁን ካየሁት እነግረዋለሁ ብሎ ማለ። አዴ ድንቄ መጀመሪያ ፊታቸው በራ፤ "በሕይወት አለ ማለት ነው" ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ትንሽ ቆይቶ ነው የቀረው የገባቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን እያገላበጡ ቆዩ። እኔ ያደረግኩትን ሁሉ፣ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ የዘጋሁትን መስመር፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ጠየቅከኝ፣ መለስኩልህ" ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ወደ አሶሳ ለሚሄድ ሾፌር ሁሉ ስሙን ነገርኩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው በኩል በየአጥቢያው አስነገርን፣ ለሻይ ቤቱ ሰውዬም ደጋግሜ ደወልኩ። ያየው ሰው አልተገኘም። ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ግን ደንበኛ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ በሁለት ቋንቋ፣ ሦስት ጊዜ እየጠየቅኩ አሰለቸው ጀመር። ሲም መንካት ፈራሁ። ወጣቶቹ "ጋሼ አርጅተዋል" ሲሉ እሰማ ነበር። አልተሳሳቱም፣ ግን በዚያ ስልክ ያረጀሁትን አያውቁም።

ዕቃዬን በምሸክፍበት ሰሞን አዴ ድንቄ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። የድሮው ሲም ከተከፈተ ወዲህ ስልኩ እንደገና ይግላል፣ ይንቀራፈፋል። አዲስ ባትሪ አስገባሁለት፣ ያን ጥቁር ወረቀት አዲስ ለጠፍኩበት፣ ሌላውን ሲም አውጥቼ ሴት ልጃቸው በድሮው ቁጥር ብቻ እንድትደውል ነገርኳት። ቀን ቀን ከቤቱ ከፍ ካለው ቦታ ጥላ ውስጥ እንዲሰቅሉት፣ ሲጠራ ሳይቸኩሉ አንዴ ብቻ እንዲጎትቱት አሳየኋቸው። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እንደዚህ ሲጣራ እየዋለ ስልኩ ብዙ አይቆይም። ቀጥሎ ያልኩትን ባልል ጥሩ ነበር። "አዴ፣ ቶለሳ እኮ እርስዎን ቀብሯል። ምን ብሎ ይደውላል?" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ስልኩን ነጠላቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ፣ በዝግታ፣ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ መለሱልኝ።

"የቶለሳ አባት ከሞተ በኋላ እኔ ስንት ጊዜ እሱ ስልክ ላይ ደወልኩ መሰለህ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ። እንደማያነሳ አውቃለሁ። ሲናፍቀኝ ግን እደውላለሁ። ቶለሳም አንድ ቀን ይናፍቀውና ይደውላል። ይጋል ተወው። እኔ አነሳለታለሁ።"